እናቴ ለዳኛው የነገረችው

አባቴ በራችንን የሰበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሕንፃው በሙሉ ምሳውን በልቶ በተኛበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ በእግሩ መታው። አልሆነለትም። ቀጥሎ ደረጃው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀይ የእሳት ማጥፊያ አወረደና መቆለፊያውን በእሱ ይቀጠቅጠው ጀመር።

«ክፈቺ! የገዛ ቤቴን ነው የምትዘጊብኝ? ዛሬ እዚሁ ካልቀበርኩሽ እኔ ወንድ አይደለሁም!»

ለዓመታት አላየነውም ነበር። ሰሜን፣ ሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሴት ጋር ይኖር ነበር። ሴትየዋ ስታባርረው «እኔ ሚስትም ቤትም አለኝ» ብሎ እኛ ወዳለንበት፣ ወደ እስራኤሏ አሽቀሎን ከተማ ተመለሰ። ከእናቴ ጋር በወግ አልተፋቱም፤ ጥሎን ሄደ እንጂ።

እኔና እናቴ ወደ ማማዱ ሮጥን። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ማማድ ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት፣ ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩ ብረት የሆነ ክፍል ነው። በሩ የተሠራው ፍንዳታን እንዲችል ነው እንጂ ሰውን እንዲያስቆም አይደለም። የእኛው ከውስጥ ቁልፍ የለውም። የሚመጣው ሰው ከሆነ ያለው ምርጫ እጀታውን ይዞ መታገል ብቻ ነው። እናቴ በአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ስታነሳ የምትውል ሴት ናት፤ ክንዷ ከእኔ ክንድ ይበረታል። እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ እጆቼን በእጆቿ ላይ ጫንኩ። በሩ ሲንቀጠቀጥ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እሰማ ነበር።

ከውጭ ነገር ሁሉ ይሰበራል። ቴሌቪዥኑ ወደቀ። የሳህን መደርደሪያው ተገለበጠ። ከዚያ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማን፤ በወጥ ቤት ቢላ ሶፋውን እየዘነጠለ ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሩሲያኛ ተናጋሪ ሽማግሌ መዶሻ ይዘው ገቡና በዕብራይስጥ «ውጣ!» አሉት። አባቴ በቴስታ መታቸው። የአፍንጫቸው አጥንት ሲሰበር በብረት በር በኩል ተሰማን። ይህን አጋንኜ አይደለም፤ እናቴም ሰምታዋለች። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰብሩት የሚያወጣውን ድምፅ ይመስላል።

ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። በማግስቱ፣ ለጥቂት ቀናት ወደ እኛ እንዳይቀርብ አስፈርመው ለቀቁት። ቃላችንን የተቀበለችው ፖሊስ ለእናቴ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻት። ፖሊስ የሚያርቀው ለአጭር ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያርቀው የቤተሰብ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የጥበቃ ትእዛዝ ነው። «ከዚህ በፊት ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። «የድሮ ቲክ ካለ አምጪው። ዳኛ ታሪኩን ማየት ይወዳል።»

ቲክ ማለት መዝገብ ነው።

«አለ» አለች እናቴ። «አንድ ጊዜ ከስሻለሁ። ሁሉንም ለዳኛው ነግሬዋለሁ። አንድም አላስቀረሁም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ምን ሊረባ? ሁሉን ሰምቶ ወደ ቤት መልሶ ላከብኝ» አለችኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። የእናቴ የሕግ ትምህርት በሙሉ እሱ ነበር። በዚያች በነገረችበት ቀን ማግስት አባቴ እየሳቀ ገብቶ በዘነዘና ክንዷን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ጠርታ አታውቅም። ጎረቤት «ለምን አትከሺም?» ሲላት «ከስሼ አይቻለሁ» ትላለች። ዳኛ የሚባለው ሰው ሁሉንም ሰምቶ «ይገባታል» ያለ መስሏት ነበር የኖረችው።

እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ያኔ ያለችው ሁሉ ተጽፎ ካለ፣ የዛሬው ዳኛ የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። የአባቴ የመራቂያ ቀናት ሳያልቁ መዝገቡን ማግኘት ነበረብኝ። ሥራ አስፈቅጄ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

መዝገብ የሚጠየቀው ማዝኪሩት በሚባለው የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ነው። ቁጥር ቆርጬ ተቀመጥኩና ተራዬ ሲደርስ ማኅደሬን ከፍቼ ጥያቄዬን በቅደም ተከተል አቀረብኩ። ጸሐፊዋ ጥፍሯን ሐምራዊ የተቀባች ሴት ነበረች፤ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ።

«አስተማሪ ነሽ?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ወረቀቱን በቀለም ከፋፍሎ የሚመጣ ወይ ጠበቃ ነው ወይ አስተማሪ። ጠበቃ ደግሞ ደህና አደርሽ አይለኝም።»

ሳቅሁ። ከዚያ ከለከለችኝ። የቤተሰብ ጉዳይ በዝግ የሚታይ ስለሆነ መዝገቡን ማየት የሚችሉት ባለጉዳዮቹ ወይም ጠበቆቻቸው ብቻ ናቸው። ልጅ መሆን ባለጉዳይ አያደርግም።

«እኔ እኮ ቤት ውስጥ ነበርኩ» አልኳት። «ሲመታት ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።»

«አውቃለሁ፣ ነፍሴ። ብዙዎቻችን ጠረጴዛ ሥር ነበርን። ቢሆንም እናትሽ ትምጣ፤ መታወቂያዋን ይዛ።»

እናቴን ለማሳመን አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። በማግስቱ ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ መጣች። የመዝገቡን ቁጥር አታውቀውም፤ አያስፈልግም፣ በመታወቂያ ቁጥር ይገኛል። ጸሐፊዋ ፈልጋ አገኘችው። መዝገቡ ያረጀ ስለሆነ ያለው ማከማቻ ውስጥ ነው፤ ሲመጣ እንጠራችኋለን አለች። እናቴ ማመልከቻው ላይ ፈረመች። ልንሄድ ስንል ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር እወቁ። እሱም ባለጉዳይ ነው፤ እሱም መጥቶ ማየት ይችላል» አለችን።

«ይየው!» አለች እናቴ። «ማንበብ ከቻለ ይየው። የሠራውን ነው የሚያየው።»

መዝገቡ ሳይመጣ የመራቂያው ቀናት አለቁ።

ሚግዳል በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ነው አባቴ ያገኛት። ዓርብ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ የሚረማመድበት ቀን። እኔ ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ነበር፤ እናቴ ከበለስ ሻጩ ፊት ቆማለች። ጩኸት ሰምቼ ዞር ስል አባቴ ሻሿን ከኋላ ይዞ አንገቷን ጠምዝዞታል። ፊቷን በለሱ ሣጥን ውስጥ ነከረውና በክርኑ ማጅራቷን ተጭኖ ወዲያና ወዲህ አሸው። የበለስ እሾህ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። እናቴ ለመጮህ አፏን ስትከፍት ምላሷም ላይ ገባ።

ሮጬ ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ። በክርኑ ደረቴን አለኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በለስ ሻጩ፣ ወፍራም አጭር ሰው ነው፣ የሸራውን ማቆሚያ ብረት ነቅሎ አባቴ ትከሻ ላይ አሳረፈበት። ሸራው ወረደብን። ሁለተኛውን ጭንቅላቱ ላይ መታው። አባቴ ደሙ ግንባሩ ላይ እየወረደ በአውቶቡሶቹ መካከል ሮጦ ጠፋ። ሻጩ ብረቱን እንደያዘ «የማን ነው ይሄ አውሬ?» እያለ ይጠይቃል። እናቴ እጇን ፊቷ ላይ ማሳረፍ አልቻለችም፤ በአየር ላይ ይዛው ቆማለች።

ለፖሊስ ተናገርን። ቢፈልጉትም አላገኙትም፤ የት እንደሚያድር እኛም አናውቅም ነበር።

ሐኪም ዘንድ ከሄድን በኋላም እሾሁ አላለቀም። ቅዳሜን ሙሉ እናቴን መስኮት ሥር አስቀምጬ በቅንድብ መንቀያ አንድ በአንድ ለቀምኩላት። ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ያኔ ነው ለዳኛው ምን እንዳለች የነገረችኝ። በሰው ፊት ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ማንቆርቆሪያውን ነገርኩት» አለች። «ውሃው ፈልቶ እያለ፣ እሳቱ ላይ እያለ አንስቶ እዚህ እንደደፋብኝ።» ትከሻዋን ነካች። «በመጋረጃው ገመድ እንዳነቀኝ ነገርኩት። ከበረንዳ በእግሬ ዘቅዝቆ ልልቀቅሽ አልልቀቅሽ እያለ እንደሳቀ ነገርኩት። ሆዴን በእግሩ ብሎ ያስወረደኝን ነገርኩት። ካንቺ በኋላ የመጣውን።»

መንቀያው እጄ ላይ ቆመ። ከእኔ በኋላ ሌላ ልጅ እንደነበረ አላውቅም ነበር።

«ቀጥዪ» አለች፤ እሾሁን ማለቷ ነው።

«ዳኛው ምን አለ?»

«ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ትሁት ሰው ነው። ከዚያ፣ ቤታችሁ ግቡ፣ የምትመክራችሁ ሴት እንልካለን አለ። እኔማ እዚህ አገር ሰው ካልሞተ አይቆጠርም ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

በሳምንቱ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት ደወሉ።

ጸሐፊዋ የእናቴን ፊት ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጣን መዝገቡን ራሷ አመጣችው። ቀጭን ነበር። እኔ የጠበቅሁት ወፍራም ነገር ነው።

እናቴ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «አንብቢልኝ። በአማርኛ አድርጊልኝ።»

ፕሮቶኮል የሚባለውን አወጣሁ፤ በችሎቱ ውስጥ ማን ምን እንዳለ የሚጻፍበት ነው። እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

«አመልካቿ በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ ትላለች፦ ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ሥራ ሲያጣ ይናደዳል። ሲናደድ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዳንድ ጊዜ ገፍቶኛል። ቤቴ እንዲፈርስ አልፈልግም። ሰው እንዲመክርልኝ እፈልጋለሁ።»

አቆምኩ።

«እሺ» አለች እናቴ። «ማንቆርቆሪያው ጋ ድረሺ።»

«እማ፣ የለም።»

«ገጹን ግለጪው።»

ገለጥኩት። ከጀርባው የዳኛው ውሳኔ ነበር፤ እሱም አጭር። አመልካቿ ከገለጸችው አንጻር አደጋ አይታይም፤ ባልና ሚስቱ የምክር አገልግሎት ያግኙ፤ ጥያቄው ተዘግቷል።

«ሌላ ወረቀት ይኖራል» አለች።

«የለም። ይኸው ነው።»

«ገመዱስ? ልጁስ? ልጁን እኮ ስናገር ቆሜ ነው። አልቅሻለሁ እኮ!»

«አመልካቿ ታለቅሳለች ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም።»

ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ፣ በችኮላ የዘለልኩትን የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። አስተርጓሚ ተመድቦ ነበር። አመልካቿ ግን አስተርጓሚው የማታውቀው ወጣት ወንድ ስለሆነ በሱ ፊት ለመናገር እንደምታፍር ገልጻ፣ የእናቷ ወንድም እንዲተረጉምላት ጠየቀች። ሌላኛው ወገን አልተቃወመም።

ሌላኛው ወገን አባቴ ነው። ለምን ይቃወማል?

ይህንን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል፤ ለእኛ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልግም። እናቴ ገመናዋን ለባዕድ ወጣት አትነግርም። የዳሯት፣ የመረቋት፣ በአባቷ ፈንታ የቆሙላት አጎቷ እያሉ እንዴት? እሳቸውም ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። በሽምግልና ወግ ከአንዱ ወገን የሰማኸውን ክፉ ቃል ለሌላው እንዳለ አታደርስም። አለስልሰህ፣ መርዙን አውጥተህ ነው። አጎቷ ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉ የኖሩትን ሥራ ፍርድ ቤት ውስጥም አደረጉት። እናቴ ደም ስትናገር እሳቸው «ይናደዳል» አሉ። ዳኛው ያንን ሰማ፤ ያንን ፈረደ።

እናቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ያበጠው ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አይቻልም ነበር።

«አልሰማም ነበር ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ዳኛው። ምንም አልሰማም።»

«አልሰማም፣ እማ።»

ቅጂ አስወጣን። ጸሐፊዋ ማኅተም ስታሳርፍበት እናቴ በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

አጎቷ የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ ባለ ምድር ቤት ነው። እኔ «አባባ» ነው የምላቸው። በረንዳቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ከዘራቸው ወንበሩን ተደግፎ ነበር። እናቴን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ።

«ኧረ ፊትሽ! ምን ሆንሽ ልጄ?»

እናቴ አልሳመቻቸውም። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ አንቱን ነው የምጠይቀው። ማንቆርቆሪያውን ስነግርዎ ለዳኛው ምን ብለው ነገሩት?»

ወረቀቱን አላነሱም። ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«ተዪው፤ ያለፈ ነገር ነው።»

«ምን ብለው ነገሩት?»

«ይናደዳል አልኩ። ምን ልበል? ያልሽውን ሁሉ ብዘረግፈው ሰውየውን ያስሩታል። ይቺ ልጅ ያለ አባት ትቀራለች። ሽማግሌ እሳት ያበርዳል እንጂ ያራግባል? ያንቺን ቤት ላቆም ነው፤ እግዜር ያውቃል።»

«በማግስቱ ክንዴን ሰበረው።»

«ሰማሁ። አዘንኩም።»

«አንተ!» አለች እናቴ። በሕይወቴ ለታላቅ ሰው እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። እሳቸውም ደነገጡ፤ ከበለስ እሾሁ ይልቅ ይህ ያስደነገጣቸው መሰለኝ። «አንተ ያልኩህን አላልክም! እኔ ዳኛው ሰምቶኝ የናቀኝ መስሎኝ ስንት ዘመን አፌን ዘጋሁ! ሲያንቀኝ አፌን ዘጋሁ! እይ!» የሸሚዟን ቁልፍ በጥሳ ትከሻዋን ገልጣ አሳየቻቸው። ቆዳው እንደተጨማደደ ላስቲክ ነው። መንገደኛ ቆሞ ያያል። እሷ ግድ አልሰጣትም። «ይሄ ነው ይናደዳል? ይሄ ይናደዳል ይባላል?»

ያኔ የውስጠኛው በር ተከፈተ። አባቴ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደታሰረ ወጣ። እዚያ ነበር የሚያድረው። አጎቷ ከእናቴ ጋር እስኪያስታርቁት ድረስ አስጠግተውት ነበር።

ከዘራውን ከወንበሩ ጎን ያነሳው እሱ ነው። የመጀመሪያው ምት የእናቴን የግራ ክንድ ሰበረው። ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሰነዘረ፤ አጎቷ «ኧረ በእግዚአብሔር!» እያሉ በመካከል ቆሙ። ከዘራው አፋቸው ላይ አረፈ። ወደ ኋላ ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው የበረንዳውን ጠርዝ መታ። ነጭ ጢማቸው ወዲያው ቀላ። ሴራሚኩ ላይ ጥርሳቸው ወድቆ አየሁ። እኔ ወንበሩን አንስቼ አባቴን ወገቡን መታሁት፤ ዝንብ እንዳረፈችበት ሁሉ ዞሮ አየኝና በአንድ እጁ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ከቆሙት ሰዎች ሦስት አራት ወንዶች አጥሩን ዘለው ተከመሩበት፤ ፊቱን መሬት ላይ ተጭነው ፖሊስ እስኪመጣ ይዘው ቆዩ። ከሥራቸው ሆኖ ይሳደብ ነበር። እናቴን፣ እኔን፣ የተኛበትን ቤት ባለቤት።

ፖሊሱ ወጣት ነው። በመጀመሪያ አጎቷ አጠገብ ተንበርክኮ «ማን መታህ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባባ ደም ተፉና በዕብራይስጥ፣ «ወደቅሁ» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ። አዳለጠኝ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ጎኔን ይዤ ወደ ፖሊሱ ተጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ከቅዳሜው በር ጀምሬ፣ በቅደም ተከተል ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ ዝም በይ።»

ከዚያ በራሷ ዕብራይስጥ ተናገረች። የእናቴ ዕብራይስጥ የሥራ ቦታ ዕብራይስጥ ነው፤ ተነሳ፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ያምሃል? ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሐኪም ዘንድም፣ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም እኔ ነኝ የምናገርላት። ያን ቀን ግን ያላትን ቃል ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰበችው።

«እሱ መታ» አለች አባቴን በጣቷ እያመለከተች። «በዱላ። እኔን። አጎትን። ልጅን ግድግዳ። አጎት አልወደቀም፤ አጎት ይዋሻል። ዓርብ ገበያ፣ እሱ። ድሮ፣ እሱ። ብዙ። ጻፍ።»

ፖሊሱ ጻፈ።

«አንብብ» አለችው። አነበበላት። «ጥሩ» አለችው፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተሰበረውን ክንዷን እቅፏ ውስጥ አስገባች።

አጎቷ ከሆስፒታል በሰው ልከው «ስሜን ችሎት ላይ እንዳታነሺ» አሏት። እናቴ ለመልእክተኛው ቁርስ አብልታ ያለ መልስ ሸኘችው።

የጥበቃ ትእዛዙን የጠየቅንበት ችሎት በደረሰ ጊዜ አባቴ ከእስር ቤት በሁለት ጠባቂዎች ታጅቦ መጣ። እኔ ልመሰክር ስለምችል ውስጥ እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለእናቴ የተመደበችው አስተርጓሚ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ የእኛው ልጅ ናት። ሊገቡ ሲሉ እናቴ አስቆመቻት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«እማማ፣ እሱን ልነግርዎት አይፈቀድልኝም።»

«ጥሩ። የማንም ልጅ አትሁኚ። ያልኩትን እንዳለ ትያለሽ?»

«እንዳለ።»

«ስድቡንም?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ስድቡንም፣ እማማ።»

የድሮውን ፕሮቶኮል ቅጂ በፕላስቲክ ከትቼ፣ ምልክት አድርጌበት ለእናቴ ሰጥቻት ነበር። ለአሁኗ ሴት ዳኛ ምን ማለት እንዳለባትም አስጠንቻት ነበር፦ አንደኛ ይህን፣ ሁለተኛ ያንን። በሩ ሲዘጋ የሰማሁት የመጀመሪያው ነገር ካስጠናኋት ውስጥ አልነበረም። «ይሄ ወረቀት የእኔ አይደለም» አለች። «ይሄ የአጎቴ ነው። የእኔ አሁን ይጀምራል።» ከኋላዋ የአስተርጓሚዋ ድምፅ በዕብራይስጥ ተከተለ፤ ቃል በቃል።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ቃሉ ለእኔ አልተሰማኝም። ድምፁ ብቻ ይሰማኛል፤ የእሷ፣ የልጅቷ፣ የእሷ፣ የልጅቷ። ጎኔ በፋሻ ታስሮ ስለነበር በአጭሩ እየተነፈስኩ አዳመጥኩ።

ድንገት አባቴ «ውሸታም! ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» ብሎ ጮኸ። ከባድ ነገር ተገለበጠ። ሴት ጮኸች፤ አስተርጓሚዋ ትሁን ዳኛዋ አላውቅም። አንድ ነገር በሩን ከውስጥ መታውና በሩ በማጠፊያው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዘበኞች በአጠገቤ ሮጠው ገቡ። በተከፈተው በር አባቴን አየሁት፤ አራት ሰው ወለሉ ላይ ተጭኖት ጉንጩ ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ፣ እጁ በካቴና ከኋላው እየታሰረ አፉ አሁንም ይንቀሳቀሳል። ጎትተው አወጡት። በፊቴ ሲያልፍ ተፋብኝ፤ ጫማዬ ላይ አረፈ። ኮሪደሩን ሙሉ በካቴና በታሰረ እጁ ግድግዳውን ለመደብደብ እየሞከረ ወሰዱት፤ አንዱ ዘበኛ በጉልበቱ ሆዱን አለውና ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።

በሩ ተዘጋ። ያበቃ መስሎኝ ተነሳሁ።

አላበቃም። የእናቴ ድምፅ ካቆመበት ቀጠለ። የእሷ፣ የልጅቷ፣ የእሷ፣ የልጅቷ። ሌሎች ባለጉዳዮች ተራቸውን እየጠበቁ በሩን ያያሉ። አንዱ ጠበቃ ሰዓቱን አይቶ ተነፈሰ። ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ለምን እንደዘገየ፣ ከየት እንደተጀመረ። ተውኩት።

ስትወጣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ውሃ ሰጠኋት፤ በደህናው እጇ ይዛ ጨረሰችው።

«ምን ወሰነች?»

«እንዳይደርስብኝ። ቢለቁትም ቤቴም፣ ሥራ ቦታዬም፣ አንቺም ጋ እንዳይደርስ። እስከ ሌላ ቀጠሮ።»

«ለምን ሌላ ቀጠሮ? ሁሉንም አልነገርሻትም?»

እናቴ ባዶውን ብርጭቆ መለሰችልኝ። ሻሿን በአንድ እጇ አስተካከለች።

«ሰዓት አለቀ» አለች። «የነገርኳት አንቺ እስክትወለጂ ያለውን ነው።»